ከሕፃን ጋር ቀኑን ሙሉ ምን ይወራል ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ የአምስት ወር ልጅሽን ይዘሽ ፍኖተ ሰላም ቤትሽ ውስጥ ብቻሽን እንደምትውዪ፣ «ምን ላውራው እያልሁ ስጨነቅ ይመሻል፤ ከግድግዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብሁት። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ ልክ እንደ አንቺ ነበርሁ። አንቺም ሥራሽን ትተሽ እቤት የቀረሽ ይመስለኛል። የማጥባቱንና የማስተኛቱን ነገር ሌሎቹ ይንገሩሽ፤ እኔ ዋጋ ያስከፈለኝን ልንገርሽ።

1. ወሬ ፍለጋ አትድከሚ፤ እጅሽ ላይ ያለውን ሥራ ንገሪው። እንጀራ ስትጋግሪ ከእሳቱ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪውና «አሁን ምጣዱን አሰስሁት፣ ሊጡን አዞርሁት፣ ይኸው ዐይኑ ወጣ፣ አክምባሎውን ልክደነው» በይው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው «ሰማኸው?» በይው። ቃሉን ባያውቀውም ድምፅሽን ያውቀዋል፤ ገና በሆድሽ ሳለ ሲሰማው የኖረ ድምፅ ነው።

2. ተናግረሽ ዝም በይና ጠብቂው። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ከማን እንደተማርሁት ቀጥዬ እነግርሻለሁ።

3. ቴሌቪዥኑን አጥፊው። ይህን ስጽፍ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ሲያልቅ ልጄን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ልጠይቅ ማመልከቻ ጽፌ መሥሪያ ቤቴ የሰው ሀብት ክፍል ገባሁ። ኃላፊው ወረቀቱን አንብበው እንኳ ሳይጨርሱ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ለጸሐፊዋ «እቤት ተቀምጣ ከሕፃን ጋር ልታወራ ነው» ብለው ሳቁ። ሁለት ሳምንት አመላልሰው ከለከሉኝ። ስምንት ዓመት ያገለገልሁበትን ሥራ ለቅቄ ወጣሁ። ያ ሳቅ ግን እቤት ድረስ ተከተለኝ። ልጄን ላናግረው አፌን ስከፍት ትዝ ይለኝና እፍረት ይይዘኛል። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ጠዋት ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፣ ማታ ባለቤቴ ሲገባ ይጠፋል። ልጁም አያለቅስም፣ ፈዝዞ ያያል። ጨዋ ልጅ ነው እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አሥር ወር ሲሞላው የጎረቤቴ ልጅ፣ በሦስት ሳምንት የሚያንሰው፣ «ባባባ፣ ማማማ» እያለ ሲንተባተብ የእኔው ዝም ነው። ስሙን ብጠራው አይዞርም። ደንግጬ ሆስፒታል ወስጄ ጆሮውን አስመረመርሁት። ጆሮው ደኅና ነው ተባልሁ፤ የመረመረችው ባለሙያ ቀኑን እንዴት እንደሚውል ጠየቀችኝና ስነግራት ቴሌቪዥኑን እንድዘጋው አዘዘችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ እንደማይመከር ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እህቴ፣ የአንቺም ልጅ በዘጠኝና በአሥር ወሩ ካልተንተባተበ ወይም ድምፅ ሰምቶ ካልዞረ፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚልሽን አትስሚ፤ ፈጥነሽ አስመርምሪው።

በዚያው ሰሞን አማቴ ከቢቸና መጡ። የሆነውን ስነግራቸው «በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የማንን ድምፅ ይስማ?» አሉና ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ላሚቱ እኮ ወለደች፣ ሰማህ?» አሉት። ከዚያ ዝም ብለው ዐይን ዐይኑን ያዩታል። እኔ መጠበቁ ረዝሞብኝ ልናገር ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ቆይቶ ቆይቶ «እንግ» አለ። «አዎ! እንስት ጥጃ ናት። ወተቱን ታዲያ ማን ይጠጣው?» ደግሞ ዝም። ሁለት ሳምንት ሲሰነብቱ ስለ ላም፣ ስለ ጤፉ አረም፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አንድም የቀረ ነገር የለም፤ ሁሉንም ነገሩት፤ ለእያንዳንዱም የእርሱን መልስ ጠበቁ። እኔ ዲግሪ ይዤ ያላወቅሁትን እርሳቸው ያውቁታል።

ወሬ ሲያልቅብኝ የምጫወተውን አንድ ጨዋታ እኔም ፈጠርሁ። ገላውን አጥቤ ቅባት ስቀባው ሆዱን ጎጃም አደርገዋለሁ፤ እንብርቱ ጮቄ ተራራ ነው። ጣቴን ጎኑ ላይ አስቀምጬ «አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ተነሣ፣ ሄደ ሄደ ሄደ፣ ጣና ገባ!» ስል ደረቱ ላይ እደርሳለሁ። በባሕር ዳር አወጣውና በጎኑ አዞረዋለሁ፤ ደጀን ሲደርስ በረሃው ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ሆዱን እኮረኩረዋለሁ። ከዚያ ጎጃምን ዞሮ ወደ ሱዳን ይሄዳል፤ በጀርባው በኩል ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይህንኑ አደርጋለሁ። መደጋገሙ አይሰልቸው ይሆን ብለሽ አትስጊ፤ ሕፃን የሚወደው የሚያውቀውን ነው። ቀድሞ የሚመጣውን ሲያውቅ ገና ጣትሽ ሳይደርስ እግሩን ያወራጫል።

አሁን ሦስት ዓመት ከግማሽ ሆኖታል፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ የጀመረው ወሬ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖም አያልቅም። ያን ጊዜ የሳቁት ኃላፊ መጥተው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ዓመት ከአንድ ወር በሆነው ጊዜ ግን ገና አንድም ቃል አልነበረውም። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ «ሄደ ሄደ ሄደ፣ ጣ…» አልሁና ጣቴን አቁሜ እንደ አማቴ ዐይን ዐይኑን እያየሁ ጠበቅሁት። ጣቴን አየ፣ አፌን አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ደረቱን መታ አድርጎ «ና!» አለ። ቅባቱ ከእጄ ሳይለቅ ቢቸና ደወልሁ።