«ሣር» ብዬ የጻፍሁት ቀይ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና ስንጠጣ፣ በቅርቡ በጂኦግራፊ የተመረቀች ወጣት «ጋሼ፣ ሳተላይቱ በየአምስት ቀኑ እየመጣ ሁሉን የሚያሳየን ከሆነ መስክ መውጣት ለምን ያስፈልጋል?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ወሬ ቀየርሁ። ለእሷና ለእኩዮቿ ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቀምጬ የሐረማያን ሐይቅ ዙሪያ የመሬት አጠቃቀም ካርታ እንድሠራ ታዘዝሁ። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ምስል ያን ጊዜ በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ አንዲቱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ትሸፍናለች፤ በምስሉ ቀለም አሰጣጥ ዕፅዋት በአረንጓዴ ፈንታ በቀይ ይታያሉ። በሐይቁ ዳር ያለው ቀይ ቀለበት ከቀደመው ምስል ይልቅ ሰፍቶ ስላገኘሁት፣ ውኃው ሲሸሽ ሣር ወረሰው ብዬ ደመደምሁና «የረግረግ ሣር» ብዬ ጻፍሁበት። ሐረማያ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የውሎ አበል አልተፈቀደልኝም እል ነበር፤ ነገር ግን ሐረር ዘመድ ልጠይቅ በየወሩ በዚያው በሐይቁ ዳር አልፍ ነበር።

ከዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ሄጄ ካርታውን ዳርቻው ላይ ዘረጋሁት። አንድ አዛውንት ገበሬ ጭቃ የነካው ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳርፈው «ይህ የእኔ ጫት ነው፤ ያ ደግሞ የወንድሜ ድንች» አሉኝ። አጠገባችን የናፍጣ ፓምፕ ይንጎደጎዳል፤ ቱቦው የሐይቁን ውኃ ሽቅብ ወደ ጫቱ ይወስዳል። ካርታውን አረምሁት፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ቅጂ ተባዝቶ ተሠራጭቶ ነበር። ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ግድም ደረቀ፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ ወገን ለማስመጣት ተገደደች። ካርታዬ ትክክል ቢሆን ሐይቁ ይተርፍ ነበር አልልም፤ ደለሉም ነበር፣ የከተሞቹም ፍጆታ ነበር። ሆኖም ስለ ፓምፕ አንዲት ቃል አልጻፍሁም።

እናንተ የታደላችሁ ናችሁ። የላንድሳት ማኅደር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው፤ የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል ሁለት 10 ሜትር ድረስ ለይቶ ያሳያል። ወጣት ብሆን ግን ራዳር ነበር የምማረው፤ ደመናም ጨለማም አያግደውምና። ናሳና የሕንድ የጠፈር ድርጅት በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ያመጠቁት ኒሳር የተባለው የራዳር ሳተላይት በየ12 ቀኑ እየተመለሰ የመሬትን መስመጥና መነሣት በሴንቲሜትር ደረጃ እንዲለካ የተሠራ ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃ ከመጠን በላይ ሲሳብ መሬት ሊሰምጥ ስለሚችል፣ ከጉድጓድ ለሚጠጣ አገር ነገሩ ቀላል አይደለም። የዛሬ ልጆች ድሮን ለመግዛት ትቸኩላላችሁ፤ አብዛኛውም ሠርግ ሲቀርጽ ይውላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ደግሞ ምስሉን በደቂቃ ከፋፍሎ ስም ይሰጣል፤ እሱም እንደ እኔ ደንገጎን አልወጣም። ችኩሎች አልኋችሁ እንጂ እኔም ያን ዓመት ከእናንተ የባስሁ ነበርሁ።

በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውኃ መልሶ ይዟል። ሐሙስ ከልጅቱ ጋር እንሄዳለን፤ ምስሏን አትማ እንድትይዝ ነግሬያታለሁ። በዳርቻው ቀይ ይታያል። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኋት።