«ፑት ኦፍ» ሲሉኝ የቀረ መስሎኝ

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ወር ማክሰኞ ማታ ዕቃ ቆጠራ ነበረን። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቆጠራው «ፑት ኦፍ» መደረጉን በስልክ ጻፈችልን። እኔ «ኦፍ» የምትለዋን እንዳየሁ ቀሪውን በደንብ ሳላነብ ቆጠራው ቀረ ብዬ ደስ አለኝ። ሐሙስ ማታ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ቡና እያፈላሁ ተደወለ። «የት ነሽ? ሁሉም ሰው እየቆጠረ ነው!» እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ኦፍ ማለት ማጥፋት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ቢያንስ አቦሉን ጠጥተሽ ነው የሄድሽው?

«ፑት ኦፍ» ማለት ቀኑን ገፋ ማለት ነው። እኛም እኮ «ቀጠሮው ተገፋ» እንላለን። ፍርድ ቤት ቢሆን «ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ» ይባል ነበር። አለቃሽ የጻፈችው «ቆጠራው ወደ ሐሙስ ተገፍቷል» ነው። አንቺ የተረዳሽው የሌላ ቃል ትርጉም ነው። አንድ ነገር ጭራሽ ሲቀር፣ ሲሰረዝ፣ «ኮልድ ኦፍ» ይባላል። ሁለቱም በኦፍ ስለሚያልቁ ብዙ ሰው ያምታታሉ።

ኦሊምፒክን አስቢ። የቶኪዮው በፈረንጅ 2020 መካሄድ ነበረበት። በኮሮና ምክንያት ወደ 2021 ተገፋ። ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣው ያኔ ነው። ይህ ፑት ኦፍ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ተካሂዷልና። የ1940ው ኦሊምፒክ ግን በጦርነቱ የተነሳ ሳይካሄድ ቀረ። ያ ኮልድ ኦፍ ነው።

ኦፍ ማጥፋት አይደለም ወይ ላልሽው፣ መብራት ማጥፊያው ላይ ነው። ሌላ ቦታ ግን አትመኛት! እኔን ያዋረደችኝን ልንገርሽ። ወጣት መምህር ሳለሁ ለአጭር ሥልጠና እንግሊዝ አገር ሄጄ ነበር። አንድ ሌሊት ያደርንበት ቤት የእሳት ደወል ጮኸ። ከአልጋዬ ተነስቼ በሩን ብከፍት አንዱ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠ «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ!» አለኝ። ተመስገን፣ ደወሉ ጠፍቷል ማለት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ለካ «ጮኸ» ማለቱ ነው። መብራት «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጠፋ፣ ደወል «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጮኸ። እሳት አልነበረም፤ አንድ ሰው ዳቦ አሳርሮ ነው። ሌሎቹ በፒጃማ ብርድ ላይ ቆመው ስም ሲጠራ የጠፋሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተማሪዎቼ «እንግሊዞች ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» እያሉ ሲያማርሩ እኔ ወደ ራሳችን ቋንቋ እመልሳቸው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረው የሰላም ጓድ አሜሪካዊ ነበር። አማርኛ ለመማር ይታገላል። «አለ» ማለት «ተናገረ» እንደሆነ ተምሯል። አንድ ቀን «ዝም አለ» የሚል አንብቦ ግራ ገባው። «ዝም ካለ ምኑን አለ?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን እውነቱን ነው። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ እምቢ አለ፣ ከተፍ አለ። «ከተፍ» ብቻውን ምንድነው? «አለ»ስ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለች? ሁለቱን አንድ ላይ እንውጣቸዋለን እንጂ ለያይተን አንፈታቸውም። ፑት ኦፍንም እንደ «ከተፍ አለ» ዋጪው። ፑትን ለብቻ፣ ኦፍን ለብቻ እየተረጎምሽ አትድከሚ።

አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ። የሚገፋው ነገር በስሙ ከተጠራ መሀል ብታስገቢውም መጨረሻ ብታደርጊውም ያስኬዳል፤ «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ወይም «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ»። «ኢት» ከሆነች ግን ቦታዋ መሀል ብቻ ነው፤ «ፑት ኢት ኦፍ»። «ፑት ኦፍ ኢት» ብትይ ጆሮ ይቆረቁራል። ሌላው፣ ከኋላው ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይዞ ነው የሚመጣው። ከዛሬ ነገ እያልኩ ጥርስ ሐኪም ሳልሄድ ቆየሁ ለማለት ከፈለግሽ «አይ ኬፕት ፑቲንግ ኦፍ ጎዊንግ» ትያለሽ እንጂ «ፑት ኦፍ ቱ ጎ» አይባልም። እኛ ከዛሬ ነገ የምንለውን ሁሉ ይህቺ ቃል ትሸከምልሻለች።

ደግሞ ሌላ ትርጉም አላት። የምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ባልደረባሽ «ዛት ስሜል ፑትስ ሚ ኦፍ» ቢልሽ ቀጠሮ እያራዘመ አይደለም። ሽታው ምግብ ዘጋኝ ማለቱ ነው። ሰውም ቢሆን በጉራው «ፑት ኦፍ» ያደርጋል፤ ፍላጎትሽን ይዘጋል። ይህቺን «ዘጋኝ» የምትለዋን አማርኛ እንግሊዞቹ ቢያውቋት ይቀኑብን ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። በደብዳቤሽ ላይ ኦፍን በአንድ «ኤፍ» ነው የጻፍሻት። በአንድ ኤፍ የምትጻፈው ሌላ ቃል ናት፤ ስትነበብም «ኦቭ» ነው የምትባለው። ይቺኛዋ ሁለት ኤፍ አላት።