የአባታችንን ካሜራዎች መሸጥ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አባታችን ፒያሳ ውስጥ ለረጅም ዘመን ፎቶ ቤት ነበራቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሦስት ልጆች ነን፤ ታላቅ እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። አባታችን 6 አሮጌ ካሜራዎች ትተውልናል። አንዱ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ካሜራ ነው፤ ሌላው ሮሊፍሌክስ፤ አንዱ ላይ ደግሞ «ላይካ» የሚል የታወቀ የጀርመን ካሜራ ስም ተቀርጾበታል። ከውጭ የመጣ አንድ ሰብሳቢ ካሜራዎቹን ከሁለት ካርቶን ኔጌቲቭ (ፎቶ ከእሱ የሚታተም የታጠበ ፊልም) ጋር በአንድ ዋጋ ገዝቶ በሻንጣው ይዞ መሄድ ይፈልጋል። እናታችን አይቃወሙም። ሕጉ ይከለክለኛል?

መልስ፦ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ካለፏቸው ከእናትዎ ልጀምር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል። ካሜራዎቹ የተገዙት ከጋብቻው በኋላ ከሆነ ግማሹ ድሮም የእናትዎ ነው። ውርስ የሚባለው ቀሪው ግማሽ ብቻ ሲሆን፣ ኑዛዜ ከሌለ ለሦስታችሁ እኩል ይደርሳል። ስለዚህ እናትዎ ከዋናዎቹ ሻጮች አንዷ ናቸው፤ አለመቃወማቸው አይበቃም፣ በውሉ ላይ ይፈርሙ።

ወንድምና እህትም እንዲሁ ናቸው። የጋራ ሀብት የሚሸጠው በባለሀብቶቹ ሁሉ ስምምነት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1266)። በስልክ «ሽጠው» መባባል ዋጋው እስኪሰማ ድረስ ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሚያስታውሰው የተለየ ይሆናል። ገዢው በቅን ልቦና ገዝቶ ካሜራውን ከተረከበ ደግሞ ቤተሰቡ ዕቃውን ከእሱ ማስመለስ ይከብደዋል፤ ክሱ የሚዞረው ወደ እርስዎ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያውጡ። እህትዎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ይላኩ፤ በውክልናው ላይም ካሜራዎቹን የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ።

«በሻንጣዬ ይዤ እሄዳለሁ» የሚለው አነጋገር ያሳስበኛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ነገር ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን በፈቃድ ካልሆነ በቀር ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ዕድሜ ብቻውን ዕቃን ቅርስ አያደርግም፤ በጀርመን ፋብሪካ በብዛት የተመረተ ሮሊፍሌክስ ስላረጀ ብቻ የኢትዮጵያ ቅርስ አይባልም። የእንጨቱ ካሜራ ግን ታሪኩ መጠየቅ አለበት። የቦያጂያን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ከእንዲህ ያለ እጅ ተገዝቶ አባትዎ ዘንድ የደረሰ ካሜራ ቢሆን ነገሩ ይለወጣል። ይህን የሚወስነው እርስዎም ገዢውም አይደላችሁም። ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይተው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ጉምሩክ ፊት ቆሞ ማስረዳት ዘግይቷል።

አሁን ወደ ካርቶኖቹ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ስለ እነሱ ነው። ገዢው ሁሉን በአንድ ዋጋ ማለቱ ምናልባት የሚፈልገው ኔጌቲቩን ስለሆነ ይሆናል። በዚያ ውስጥ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሡ፣ ሙሽሮች፣ የተመረቁ ልጆች። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ፎቶውን አባዝቶና ሸጦ የመጠቀም መብት፣ ፎቶው ከተነሣ 25 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ 25 ዓመት ያልሞላቸው ፎቶዎች ላይ መብቱ ለወራሾች ነው። ነገር ግን ይህ የፎቶ አንሺው መብት ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 መሠረት የሰው ምስል፣ ሕጉ ለይቶ ከፈቀደው ውጭ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭም አይቀርብም። ደንበኛው ለአባትዎ የከፈለው ፎቶ ሊነሣ እንጂ ፊቱ በባዕድ አገር ጨረታ እንዲወጣ አይደለም። ኔጌቲቩን አይሽጡት። ቤተሰቡ ማስቀመጥ ካልቻለ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያነጋግሩ፤ ተቋሙ የፎቶግራፍ ስብስብ አለው።

«ላይካ» የተባለውን በባለሙያ ያስመርምሩ። የሶቪየት ፌድና ዞርኪ ካሜራዎች ስማቸው ተፍቆ የላይካ ስም እየተቀረጸባቸው መሸጣቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ማጭበርበር ነው። በውሉ ላይ «እውነተኛ ላይካ» ብለው አይጻፉ፤ የተቀረጸውን ጽሑፍና ተከታታይ ቁጥሩን ብቻ ያስፍሩ። የሚያውቁትን ጉድለት ሁሉ ይግለጹ፤ እያወቀ የደበቀ ሻጭን «ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ» የሚል ቃል አያድነውም። ገንዘቡ በባንክ ይግባ።

ለገዢው ዛሬውኑ ይንገሩት፦ ዋጋው ለካሜራዎቹ ብቻ ነው፣ ርክክቡም ፊርማዎቹና የባለሥልጣኑ ደብዳቤ ሲሟሉ ነው። ይህን ሲሰማ ከሸሸ ይሽሽ። ካሜራዎቹን ከማስረከብዎ በፊት ደግሞ የፊልም ማጠንጠኛቸውን ቀስ ብለው ይሞክሩ። ክር የያዘ ያህል ከከበደ አባትዎ ያላጠቡት ፊልም ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ክዳኑን ብርሃን ላይ አይክፈቱ። ጨለማ ክፍል ያለው ባለሙያ ያውጣውና ከካርቶኖቹ ጋር ይቀመጥ።