«ገጸ ባሕርይዋ ግሩም ተጫወተች» ይባላል?

ጥያቄ፦ ከብሔራዊ ቴአትር እንደወጣን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እኔ «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ግሩም ተጫወተች» ስል፣ እሱ «ተዋናይዋ በል እንጂ» አለኝ። «ተውኔት አየሁ» ማለትም ስሕተት ነው ባይ ነው። ገቢርና ትዕይንትንም አምታታን። ቢያስረዱን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በመጀመሪያው ጓደኛዎ ልክ ነው። ገጸ ባሕርይ ጸሐፌ ተውኔቱ የፈጠረው ሰው ነው። ተዋናይ ያንን ሰው ሆኖ መድረክ ላይ የሚወጣው ነው። ገጸ ባሕርይዋ በመጨረሻው ትዕይንት ልትሞት ትችላለች። ተዋናይዋ ግን ተነሥታ ለተመልካቹ እጅ ትነሣለች። ትወናው ደስ ካለዎት ምስጋናው ለተዋናይዋ ነው። «እንዲህ ያለች ሴት እንዴት በአንድ ቀን ተለወጠች?» ብለው ካልተዋጠልዎ ደግሞ ወቀሳው ወደ ደራሲው ይሄዳል። ሁለቱን ስናምታታ አንዱ በሌላው ጥፋት ይወቀሳል። በቴአትር ሂሶቻችን ውስጥ ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ለባለሙያዎቹ ፍትሕ አይደለም።

በሁለተኛው ግን ጓደኛዎ ትንሽ አክርሯል። በተለምዶ ተውኔት የምንለው ድርሰቱን ነው። ቴአትር ደግሞ መድረክ ላይ የሚቀርበው ትርኢት ነው፤ ቤቱንም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ብሔራዊ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈትም «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ነበር የተባለው። ስለዚህ «ተውኔት አነበብኩ፣ ቴአትር አየሁ» ቢሉ ጥርት ያለ ነው። ሆኖም የግዕዙ «ተዋነየ» ራሱ ተጫወተ ማለት ነው። ተዋናይም ትወናም ከዚያው የመጡ ናቸው። «ተውኔት አየሁ» ያለን ሰው አላርመውም። «ድራማ»ስ? በሙያው ሰፊ ቃል ነው፤ በከተማችን አፍ ግን ወደ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ አድልቷል። «ድራማው ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ሰው ትኬት ሊቆርጥ አይደለም።

ገቢር ትልቁ ክፍል፣ ትዕይንት በውስጡ ያለው ትንሹ ነው። ብዙ ጊዜ ቦታው ወይም ጊዜው ሲለወጥ አዲስ ትዕይንት ይከፈታል። ገቢር የሚዘጋው ግን ታሪኩ አንድ ትልቅ እርምጃ ሲራመድ ነው። «ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት» የምንለውም ለዚህ ነው።

ስለ ቦታና ጊዜ ካነሣን አይቀር፣ «መቼትና ቦታ» ብለው አይጻፉ። መቼት «መቼ»ና «የት» ተጣምረው የተፈጠረ ቃል ስለሆነ ቦታው ውስጡ አለ።