ራሴ ሳልጽናና ለልጆች መጻፍ እችላለሁ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ላካፍላችሁ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች። ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ለልጆች ታሪክ እጽፋለሁ። ለማንም አሳይቼ አላውቅም፤ አንዱን ለእርስዎ አያይዣለሁ። የልጆች ደራሲ መሆን እፈልጋለሁ። የያዘኝ ነገር ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኑሮዬ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ስለሆነ የሚጻፍ ነገር የለውም። ሁለተኛው ይብሳል። በዚህ ሰሞን ተስፋ የሚባል ነገር ርቆኛል። ዜና ስከፍት ልቤ ይዝላል። ራሷ ያልተጽናናች ሰው ልጆችን ምን ብላ ታጽናናለች? ውሸት አይሆንም? ሥራዬን ለቅቄ በሙሉ ልብ ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ? ቁርጡን ይንገሩኝ።»

እሺ እህቴ፣ ቁርጡ ይኸውልሽ። ሥራሽን አትልቀቂ። ጽሑፉንም አትተዪ።

ስለ ገንዘቡ በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የላክሽልኝን ታሪክ ላንሳ፤ የሁለቱም ጥያቄዎችሽ መልስ እዚያው ውስጥ አለ። ላላነበቡት ባጭሩ፦ አንዲት ትንሽ ጥንቸል እናቷ «እንዳትርቂ» እያለቻት ትርቃለች። ይመሻል። መንገዱ ይጠፋታል። አንድ ሽማግሌ ጉጉት ይመጣና ቤቷ ያደርሳታል፤ መንገድ ላይም የእናትን ቃል መስማት እንደሚበጅ ይመክራታል። አለቀ።

እንዲህ ሲነገር አዲስ ነገር የለውም። መሃሉ ላይ ግን አንድ ቦታ አለ። ጥንቸሏ ኮሽታ ትሰማና ደንግጣ ፊቷን ቅጠል ውስጥ ትቀብራለች፤ ጀርባዋ በሙሉ ውጭ ቀርቶ «አሁን ማንም አያየኝም» ትላለች። እዚህ ጋ ሳቅሁ። ይሄንን ከየትም መጽሐፍ አልወሰድሽውም። ድብብቆሽ የሚጫወት ሕፃን አይተሻል። የሦስት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን መጋረጃ ውስጥ ይከትና፣ እግሩ ከሥር ተገትሮ እየታየ፣ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ይጮኻል። እሱ ካላየሽ አንቺም የምታዪው አይመስለውም። ታዲያ ኑሮዬ የሚጻፍ ነገር የለውም ካልሽ፣ ይሄ ከየት መጣ?

ጉድለት ያለብሽ ኑሮሽ ላይ አይደለም፣ ያየሽውን አለመያዝሽ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ የሚኖረው ጠባብ ዓለም ውስጥ ነው፤ በር፣ ደረጃ፣ ጫማ፣ የትልልቅ ሰዎች ጉልበት። ጫማውን ራሱ ማሰር የሦስት ሳምንት ትግል ሊሆንበት ይችላል፣ ሰልፍ ላይ እጁን የሚይዘው ጓደኛ ማጣት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያስከፋው ነገር ነው። እኛ ትልልቆቹ እነዚህን ነገሮች እንረሳቸዋለን፣ ከዚያ ስለ ልጅ እንጻፍ ስንል ዘንዶና ቤተ መንግሥት ፍለጋ እንሄዳለን። ዘንዶ አልጠላም። ግን ዘንዶውም ጫማ ማሰር ሲያቅተው ነው ደስ የሚለው።

ስለዚህ ደብተር ያዢ፣ ወይም ስልክሽ ላይ ጻፊ፣ ለኔ ለውጥ የለውም። የሚጻፈው ግን «ዛሬ ጀንበሯ ስትጠልቅ ውብ ነበረች» አይደለም። ሰው ያደረገውን ጻፊ። ለምሳሌ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ልጅ መስታወቱ ላይ እፍ ይልና በጣቱ ፊት ይሥላል። እፍታው ሲደርቅ ፊቱ ይጠፋል። ልጁ እንደገና እፍ ሲል ፊቱ ይመለሳል። «መጣ!» ይላል። ይሄን እንዳየሽው ትጽፊዋለሽ። ማታ ደግሞ ጥያቄ ታነሺበታለሽ፦ ያ ፊት ማን ነው? ሲጠፋ የት ይሄዳል? አውቶቡሱ ሲቆምና ልጁ መውረድ ሲኖርበት ምን ይሆናል? ይኸው ታሪክ ጀመርሽ። ደስታን የሚፈልግ ሰው ደስ የሚል ቀን ይጠብቃል፤ እንዲህ የሚያይ ሰው ግን የሰለቸ ቀንም ቢሆን ባዶ እጁን አይመልሰውም። ስለ ደስታ ያለኝ ምክር ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።

ጥንቸል ስትነሳ ቢያትሪክስ ፖተር ትዝ አለችኝ። እንግሊዛዊት የልጆች ደራሲ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1893 የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ታሞ ተኝቶ ነበር። የአምስት ዓመት ሕፃን ነው። ምን ብዬ ልጻፍለት ብላ አሰበችና ስለ ጥንቸሎች ሥዕል የተጨመረበት ደብዳቤ ላከችለት። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ወደ መጽሐፍ ስትለውጠው አሳታሚዎች መለሱባት። በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በ1902 አንድ አሳታሚ ተቀበለው። ይህን የምነግርሽ «አንቺም ታዋቂ ትሆኛለሽ» ለማለት አይደለም፣ እሱን ማንም አያውቅም። ልብ እንድትዪ የፈለግሁት መነሻውን ነው። ለዓለም ሕፃናት በሙሉ አልጻፈችም። ለአንድ የታመመ ልጅ ነው የጻፈችው። አንቺም ስትጽፊ የምታውቂውን አንድ ልጅ አስቢ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ራሴ ተስፋ ሳይኖረኝ ተስፋ ልስጥ ወይ ነው ያልሽኝ።

ብዙ ሰው የልጆች መጽሐፍ የሚጽፈው ፈገግታ የማይለየው፣ ዓለም የተመቸችው ሰው ይመስለዋል። አይደለም። ዬላ ሌፕማን የምትባል ሴት ነበረች። በጀርመን የምትኖር አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ስትሆን ከናዚዎች ሸሽታ እንግሊዝ ገባች። ጦርነቱ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካ ጦር ጋር የሴቶችና የልጆች ጉዳይ አማካሪ ሆና ተመለሰች። ከተሞቹ ፍርስራሽ ናቸው። እሷ ምን አደረገች? ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጽፋ የልጆች መጻሕፍት ላኩልኝ አለች። ቤልጂየም ሁለት ጊዜ በጀርመን የተወረረች አገር ናትና አልልክም አለች። ሌፕማን መልሳ ጻፈች፣ በኋላ ተላከላት። በ1946 በመጡት መጻሕፍት ሙኒክ ላይ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፣ በ1949 ዓለም አቀፉ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት እዚያው ተመሠረተ፣ በ1953 ደግሞ ዛሬም ድረስ ያለው የወጣቶች መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ቦርድ ዙሪክ ውስጥ ተመሠረተ። ይህ ቦርድ ከ1967 ጀምሮ የሚያስበው ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን ሚያዝያ 2 በአውሮፓ አቆጣጠር ይውላል፤ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ልደት ነው። ያቺ ሴት ደብዳቤዎቹን ስትጽፍ ልቧ ምን ያህል ሙሉ እንደነበር ማንም አልጠየቃትም። ጻፈች፣ መጻሕፍቱ መጡ።

ታሪክ ውስጥም ተስፋ የሚገባው በሥራ ነው። ወደ ጉጉቱ እንመለስ። ጥንቸሏ ጠፋች፣ ፈራች፣ ከዚያ ትልቅ ሰው መጥቶ አዳናት። የሚያዳምጠው ልጅ ምን ያዘ? «ሲጨንቀኝ ሽማግሌ ይመጣል» ነው የሚለው። አንዳንዴ አይመጣም፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ውሸት የምትፈሪ ከሆነ ውሸቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ጉጉቱን አስወጪው። ጥንቸሏ መጀመሪያ ላይ ስትወጣ ያሸተተችውን፣ የረገጠችውን፣ የሰማችውን ነገር ታስታውስ። የወንዙ ድምፅ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ነበር እንበል። አሁን በግራዋ እስኪሆን ድረስ ትዙርና ትሂድ። እየፈራች ትሂድ፣ ፍርሃቱን አትንሺባት። ቤት ስትደርስ ጨለማው አሁንም ጨለማ ነው። ልዩነቱ ገጽ አንድ ላይ የማትችለውን ነገር አሁን መቻሏ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ደስተኛ መሆን አይጠበቅብሽም። «እሺ፣ አሁን ምን ታድርግ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ እውነቱን ለመናገር የጨነቀው ሰው ይህን ጥያቄ ከሌላው በበለጠ ያውቀዋል።

ስለ ሞተ ውሻ የምትጽፊ ከሆነም ውሻውን አታስነሺው። ሞቷል። ልጁ ማሰሪያውን ምን እንደሚያደርገው ጻፊ።

መጨረሻ ላይ ያለውን ምክርም ሰርዢው። ይሄ የብዙ ጀማሪ በሽታ ነው። ታሪኩ ጥሩ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ስብከት ሲሆን እጅ እጅ ይላል፣ ልጁም «አሃ፣ ለዚህ ነው እንዴ!» ብሎ ዞር ይላል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበልሽ፣ ምክንያቱም ጽሑፍሽ ለሥዕል መጽሐፍ ረዝሟል። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ምክንያቱ የኅትመት ነው፤ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ገጾቹ የሚመጡት በስምንትና በአሥራ ስድስት ብዜት ነው። ስምንት ወረቀት ውሰጂ፣ ከመሃል እጠፊ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተቺ፤ 32 ገጽ ሆነልሽ። የርዕሱና የቅጂ መብቱ ገጾች የሚወስዱትን ቀንሺና የቀረው ላይ ታሪክሽን በእርሳስ አከፋፍዪ። ኮሽታው ቀኝ ገጽ ላይ ይምጣ፣ ምን እንደነበር የሚታወቀው ሲገለጥ ይሁን። ያን ጊዜ ልጁ ራሱ ነው ገጹን የሚገልጠው። ይህን ስታደርጊ የትኛው አንቀጽ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ወዲያው ይታይሻል። ቃላቱም ከአንድ ሺህ በታች ይሁኑ፣ ብዙዎቹ እንደውም ወደ 500 ገደማ ናቸው። ሥዕሉ የሚናገረውን አንቺ አትድገሚው። ኮፍያዋ ቀይ መሆኑ ለታሪኩ ካልጠቀመ ለሠዓሊው ተዪለት። ሠዓሊም አትፈልጊ፤ አሳታሚ ጽሑፉን ከወደደው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው የሚመርጠው። በራስሽ የምታሳትሚ ከሆነ ብቻ ነው ይሄ የሚለወጠው።

ጮክ ብለሽ አንብቢው። ይህን መጽሐፍ የሚያነበው የደከመው ወላጅ ነው፣ ያውም አንዱን መጽሐፍ ሃያ ሌሊት እየደጋገመ። ምላስ ላይ የሚሰናከል ዓረፍተ ነገር ካለ እሱ ነው የሚሰቃየው። ከዚያ ለልጆች አንብቢላቸው፣ ግን ለእህትሽ ልጆች አይሁን፤ እነሱ አንቺን ስለሚወዱሽ «አሪፍ ነው» ይሉሻል። ለማያውቁሽ ልጆች አንብቢና የሚሉትን ሳይሆን ሰውነታቸውን እዪ። መቁነጥነጥ የጀመሩበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። እዚያ ጋ ነው የሚቆረጠው።

ገንዘቡ። ደራሲ የሚያገኘው ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ ነው፤ በሥዕል መጽሐፍ ይህም ከሠዓሊው ጋር ይካፈላል። ከመጻሕፍቱ ሽያጭ ብቻ የሚኖር የልጆች ደራሲ ጥቂት ነው። ሌላው ያስተምራል፣ ያርማል፣ ይተረጉማል፣ ትምህርት ቤት እየዞረ ያነባል፣ ለመማሪያ መጽሐፍ፣ ለሬዲዮ፣ ለአኒሜሽን ይጽፋል። አንቺ ሒሳብ አለሽ፣ ደሞዝ አለሽ። ጥሩ ነው! ለቤት ኪራይ ያልተጨነቀ ሰው የመጣለትን መጥፎ ውል አልፈርምም ማለት ይችላል። ደግሞም የሽያጭ ሪፖርት ሲደርስ ብዙ ደራሲ ገልበጥ አድርጎ አይቶ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል፤ አንቺ ታነቢዋለሽ። የሥራ ሰዓትሽን መቀነስ ብትችዪ በሳምንት ግማሽ ቀን አስቀንሺ፣ ካልሆነም የቅዳሜን ጠዋት ለማንም አትስጪ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። አሳታሚ ነኝ ብሎ ገንዘብ ክፈይ የሚልሽ ሰው አሳታሚ አይደለም፣ የኅትመት አገልግሎት ሻጭ ነው። በራስሽ ለማሳተም አስበሽበት ከሆነ አገልግሎቱን መግዛት ነውር የለውም። በ«ተመርጠሻል» ደብዳቤ ተታልለሽ ከሆነ ግን ጉድ ሆንሽ ማለት ነው።

የልብ መዛሉን ነገር ደግሞ አልፌው እንዳልሄድ። እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ከሰው ካራቀሽ፣ ሳምንታት አልፈውም ካልለቀቀሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም አነጋግሪ። መጻፍ ያግዛል፤ ሕክምና ግን አይደለም፣ ያን ሸክም ታሪኮችሽ ላይ አትጫኚባቸው። ዜናውንም በቀን አንዴ ብታዪው ምንም አያመልጥሽም።

ታሪኩን ካስተካከልሽ በኋላ የልጆች መጽሐፍ የሚያወጡ አሳታሚዎችን ዝርዝር ያዢ፣ እያንዳንዱ ረቂቅ እንዴት እንደሚቀበል አንብቢና እንዳለው አድርገሽ ላኪ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመልስም፤ በዚያ መሃል የአውቶቡሱን ልጅ ወይም ደብተርሽ ላይ ያለውን ሌላ ነገር ጀምሪ። ውል ከመጣ ደግሞ የትርጉም፣ የድምፅ መጽሐፍና የፊልም መብቱ ለማን እንደሚሄድና ለስንት ዓመት እንደሆነ ፈልጊበት። ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።