ሲዲኤን መንገዱን ያሳጥርልሃል፣ ሸክሙን ግን ራስህ ታቀልለዋለህ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በዎርድፕረስ የተሠራ የአማርኛ ዜና ሳይት አለህ። ሰርቨሩ አሜሪካ፣ ዳላስ ነው። አንባቢዎችህ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ዲሲ እና ዱባይ ናቸው። አዲስ አበባ ያሉት ገጹ እስኪከፈት ይሰለቻሉ። ክላውድፍሌር የሚባለውን ሲዲኤን (የሳይትን ፋይሎች ቅጂ በየከተማው የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ላስገባ ወይስ ሆስቲንግ፣ ማለትም ሳይቱ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ ልቀይር ነው ያልከው። ሥራዬ የዘገየ ሳይት መጠገን ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

አዎ፣ ክላውድፍሌር አስገባ። ነጻው ፕላን ይበቃሃል። ካርድ ስለማይጠይቅ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር የለብህም። ግን አስገብቶ መተው ብቻውን የምትጠብቀውን ለውጥ አያመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ዳላስ በቀጥታ ቢለካ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ብቻ፣ ምንም መጨናነቅ ሳይኖር፣ 130 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በጎረቤት አገር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ 250 ብታገኝ አይግረምህ። ብራውዘሩ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት አንድ ደርሶ መልስ ያስፈልገዋል። ለምስጠራው ቢያንስ አንድ፣ ገጹን ለመጠየቅ ደግሞ ሌላ አንድ። አንዲት ፊደል ሳትታይ ሦስት አራተኛ ሰከንድ አለቀ። ሲዲኤን የሚቀንስልህ ይህንን ነው፤ የፋይሎችህን ቅጂ ለአንባቢው በሚቀርብ ከተማ ያስቀምጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደረስን። ክላውድፍሌር ሳይነግሩት የሚያስቀምጠው ፎቶ፣ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል)፣ ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም) እና ፎንት ነው። የዜናውን ገጽ፣ ማለትም ኤችቲኤምኤሉን፣ አያስቀምጥም። ራስህ እየው። ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጫን፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈት፣ ገጹን እንደገና ጫንና የመጀመሪያውን መስመር ንካ። ሄደሮቹ (ከገጹ ጋር አብረው የሚመጡ መረጃዎች) መካከል ሲኤፍ-ካሽ-ስታተስ የሚል አለ። ሂት ካለ ከቅርብ መጥቷል። ሚስ ካለ ገና አልተቀመጠም፣ ደግመህ ጫን። ዳይናሚክ ካለ ግን ገጹ በየጊዜው ከዳላስ እየተቀዳ ነው፤ ለገጹ ስትል ያደረግከው ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኗል። እዚያው ሲኤፍ-ሬይ የሚባል ረጅም ቁጥር አለ። መጨረሻው ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት የኤርፖርት ኮድ ናቸው። ኤንቢኦ ናይሮቢ ነው፣ ጄአይቢ ጅቡቲ፣ ኤፍአርኤ ፍራንክፈርት። አዲስ አበባ ተቀምጠህ ፍራንክፈርት ልታገኝ ትችላለህ፤ ያ በኢንተርኔት አቅራቢው መስመር ይወሰናል። በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ለክተህ አወዳድር።

ዳይናሚክ ካገኘህ ክላውድፍሌር ላይ ካሽ ሩልስ (ምን እንደሚቀመጥ የምታዝበት ክፍል) ውስጥ ገብተህ ኤችቲኤምኤሉም እንዲቀመጥ እዘዝ። ወይም በወር 5 ዶላር የሚከፈልበትን የዎርድፕረስ አገልግሎታቸውን ውሰድ፤ ኤፒኦ ይባላል። በነጻ ከሠራኸው ግን እባክህ ተጠንቀቅ። ሎግኢን ያደረገ ሰው ገጽ፣ ደብሊውፒ-አድሚን (የዎርድፕረስ ማስተዳደሪያው) እና ኮሜንት የጻፈ ሰው የሚያየው ገጽ በፍጹም መቀመጥ የለባቸውም። አንድ የዕቃ መሸጫ ሳይት እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ሁሉም ነገር እንዲቀመጥ ታዞ፣ አንዷ ደንበኛ የሌላ ሰው ስምና አድራሻ የተሞላበት የክፍያ ገጽ ተከፍቶላታል። ፍጥነት የሰው ምስጢር አሳልፎ የሚሰጥ ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ቀጥሎ ሸክሙ። ሲዲኤን ርቀቱን እንጂ ክብደቱን አይነካም። ከስልክ እንዳለ የተጫነ 4 ሜጋባይት ፎቶ ከናይሮቢም ቢመጣ 4 ሜጋባይት ነው። የአንባቢህን የዳታ ፓኬጅ ይበላል፣ እሱ ነው የሚከፍለው። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል አውርደህ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) አድርገው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል። እኔ ማንኛውንም ሳይት ስነካ የምጀምረው ከዚህ ነው።

የአማርኛ ፎንትም አትርሳ። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ፋይሉ ከላቲን ይከብዳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የምትጠቀም ከሆነ በዎፍ2 (የተጨመቀ የዌብ ፎንት ፋይል) አድርገህ ከራስህ ሳይት አቅርበው፣ የማትጠቀምበትን ውፍረት አውጣው። "ከጉግል ብወስደው ሌላ ሳይት ላይ የወረደው ይጠቅመኛል" የሚለው ሐሳብ ድሮ ልክ ነበር። ክሮም ከ2020 ጀምሮ ካሹን፣ ማለትም ያወረዳቸውን ፋይሎች፣ በየሳይቱ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ አሁን አይሠራም። እንዲያውም ሌላ ዶሜይን ጋር መገናኘት ተጨማሪ ደርሶ መልስ ነው።

ክላውድፍሌርን ለማስገባት ኔምሰርቨር (የዶሜይንህን አድራሻዎች የሚይዘውን ሰርቨር) ስትቀይር ሁለት ነገር እይ። የኤምኤክስ መዝገቦችህ (ኢሜይልህ የት እንደሚደርስ የሚናገሩት) በሙሉ መተላለፋቸውን አረጋግጥ፣ አለዚያ ኢሜይልህ ይቆማል። የሜይል ሰርቨሩ ስምም ብርቱካናማው ደመና (በክላውድፍሌር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገው ምልክት) አይደረግለት፣ ግራጫ ይሁን። ኤስኤስኤሉን፣ ማለትም የምስጠራውን ሴቲንግ፣ ፍሌክሲብል ላይ አትተው፤ ገጹ ራሱን እየዞረ አልከፈትም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሰርቨርህ ላይ ትክክለኛ ሰርተፍኬት ጫንና ፉል ስትሪክት አድርገው።

ሆስቲንጉን በተመለከተ አሁን አትቸኩል፣ የከፈልክበት ጊዜ እስኪያልቅ ቆይ። ስታድስ ግን ፍራንክፈርት ውሰድ። ከአዲስ አበባ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለዱባይም ከዳላስ በጣም ይቀርባል። የዲሲ አንባቢዎችህ ትንሽ ይርቁብሃል፤ ለእነሱ ሲዲኤኑ አለልህ። እስከዚያው የለካኸውን ውጤት እዚህ ለጥፍ፣ አብረን እናየዋለን።