ሲስተሙን እንግዛ ወይስ እንተው?

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ ቢሮ፣ ጎማ ወረዳ ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለን። ኮምፒዩተር፣ ሰርቨርና ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ገዝተናል፤ የእሸት ግዥው ሒሳብ ግን የሚታወቀው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን አንድ ሻጭ ሁሉን ያካተተ ሲስተም ግዙ እያለ ይወተውተናል። ሐሳባችን ለአውሮፓ ገዥ በቀጥታ መሸጥ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ለጊዜው አትግዙ። እስካሁን የገዛችሁት ሁሉ ለቢሮ ሒሳብ የሚሆን ነው፤ ሐሳባችሁ የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው ግን ጎማ፣ ሚዛኑ አጠገብ ነው።

ገበያችሁ አውሮፓ ከሆነ ከአውሮፓ ኅብረት የደን ጥበቃ ሕግ ተነሡ። ሕጉ ቡናው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣቱን ማሳየት ይጠይቃል፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ያስፈልጋል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ለዚህ ሥራ ሰርቨር አያሻም። ጂፒኤስ ያለው ስልክና ያለ ኔትወርክም የሚመዘግበው ኮቦኮሌክት ይበቃል፤ መተግበሪያው ነፃ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መዝጋቢው ማሳ ድረስ መሄድ ይሰለቸውና ገበሬው እሸት ይዞ ሲመጣ ጣቢያው ላይ ነጥቡን ይወስዳል። ያኔ የገበሬው ሁሉ ማሳ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፤ ገዥው ካርታውን እንደከፈተ ያየዋል። ስለዚህ ምዝገባው ከለቀማ በፊት፣ በእግር ማሳው ድረስ ተሂዶ ይሠራ። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ጂፒኤስ ስለሚዋዥቅ ስልኩ የሚያሳየው የስሕተት መጠን ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ መታገሥ ያስፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ገበሬ መለያ ቁጥር ስጡ። በስም ብቻ ከሄዳችሁ መሐመድ፣ ሙሐመድና ሞሃመድ ሦስት ሰው ሆነው ይቆጠራሉ።

ደረሰኙ ላይ ቀን፣ መለያ ቁጥር፣ ኪሎ፣ ዋጋና የማድረቂያ አልጋ ቁጥር ይኑር። መለኪያው ኪሎ ብቻ ይሁን፤ አንዱ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ሌላው በኪሎ ከጻፈ ድምሩ ዋጋ የለውም። ማታ ማታ የተገዛው ኪሎ በዋጋው ተባዝቶ ከወጣው ብር ጋር ይመሳከር። የአልጋው ቁጥር ደግሞ ኪሳራው የት እንዳለ ይነግራችኋል፦ ብዙውን ጊዜ 6 ኪሎ ገደማ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። አንዱ አልጋ 7 ወይም 8 ኪሎ እሸት ከጠየቀ ጥሬ ፍሬ ተቀብላችኋል፣ ሚዛኑ ተዛብቷል ወይም ቡና ተሰርቆ ወጥቷል። የዚህ ኃላፊነት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ይሁን እንጂ ለኮምፒዩተር ባለሙያው አይተው፤ ዋጋ የሚቀንሰውም ሆነ ሚዛን የሚያስቀይረው ሥራ አስኪያጁ ነውና።

አንድ ወቅት በዚህ ከሠራችሁ በኋላ ሻጩን ጥሩት። የአንድ ሳምንት ደረሰኛችሁን ሰጥታችሁት፣ የየአልጋውን ውጤት ከነማሳው መገኛ እፊታችሁ ያውጣ። ካልቻለ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ።